ክላክሱ ሲያልፍ ለምን ይወፍራል?

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አስፋልት ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን አቋርጦ ያልፋል። በቆሎ የጫነ አይሱዙ ክላክሱን ተጭኖ ሳይለቅ ሲመጣ፣ መንገድ ዳር ለቆመ ሰው ድምፁ ቀጭን ነው፤ መኪናው ሲያልፍ ወረድ ይልና ወፍሮ ይርቃል። ሾፌሩ ግን የሚሰማው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት ድምፅ ነው።

ድምፅ የአየር ንዝረት ነው፤ ንዝረቱ ሲበዛ ይቀጥናል፣ ሲያንስ ይወፍራል። ክላክሱ በሰከንድ 400 ጊዜ ይነዝራል እንበል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ መኪናው ቆሞ ቢሆን በአንዱ ሞገድና በተከታዩ መካከል 85 ሳንቲሜትር ይኖር ነበር። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ መኪና ግን አንዱን ሞገድ ልኮ ሌላውን እስኪልክ 5 ሳንቲሜትር ተኩል ያህል ወደ ፊት ይጠጋል። ከፊቱ ያሉት ሞገዶች ስለዚህ ይቀራረባሉ፣ ከኋላው ያሉት ይራራቃሉ። ከፊት ላለው ጆሮ በሰከንድ 428 ያህል ሲደርሰው፣ ከኋላ ለቀረው 376 ገደማ ብቻ ይደርሰዋል። ማሲንቆ የለመደ ጆሮ ይህን ልዩነት አይስተውም።

ነገሩን እ.ኤ.አ. በ1842 ፕራግ ላይ ያቀረበው ኦስትሪያዊው ክርስቲያን ዶፕለር ነው፤ እሱ ያሰበው ስለ ከዋክብት ብርሃን ነበር። በ1845 ሆላንዳዊው ቦይስ ባሎት መለከት ነፊዎችን ባቡር ላይ አሳፍሮ፣ ሙዚቀኞችን ሐዲድ ዳር አቁሞ በድምፅ ፈተነው። መለኪያው የሰው ጆሮ ብቻ ነበር፤ እኔ ከዚህ የሚያምር ሙከራ አላውቅም። ዛሬ የፅንስን የልብ ትርታ የሚያሰማው የሐኪም መሣሪያም በዚሁ ሕግ ይሠራል።

ሰሚው ቢንቀሳቀስም ያው ነው፤ አውቶቡስ ውስጥ ሆኖ በቤተ ክርስቲያን የድምፅ ማጉያ አጠገብ የሚያልፍ መንገደኛ ዜማው ሲወርድ ይሰማዋል።

ብዙ ሰው ግን መኪና በቀረበ ቁጥር ድምፁ እየቀጠነ የሚሄድ ይመስለዋል። የሚጨምረው ጉልበቱ ነው። በእኩል ፍጥነት ቀጥታ ወደ እኛ የሚመጣ መኪና ድምፅ ቅጥነቱን አይለውጥም፤ የሚወርደው መኪናው በጎናችን ሲያልፍ ነው። እየጎላ የማይወርድ ቀጭን ድምፅ የሰማ ሰው እንግዲህ ቀና ብሎ ይይ፤ መኪናው ወደ እሱ እየመጣ ሊሆን ይችላል።

የፍኖተ ሰላምና የቡሬ የፊዚክስ መምህራን ሆይ፣ ቀመሩን ሰሌዳ ላይ ከመጻፋችሁ በፊት ተማሪዎቻችሁን ከአስፋልቱ ራቅ አድርጋችሁ አቁሙና አስደምጧቸው፤ በስልክም ይቅዱት።