የንግድ ሕግ መግቢያ ትምህርትና የኮሌጅ ተማሪዎች ልምድ፦ በባሕር ዳርና በዓባይ ማዶ አካባቢ

መግቢያ

በሒሳብ አያያዝ፣ በሥራ አመራር፣ በኢኮኖሚክስ፣ በኅብረት ሥራና በመሳሰሉት ዘርፎች የሚሠለጥኑ የኮሌጅ ተማሪዎች በጋራ ከሚወስዷቸው ትምህርቶች አንዱ የንግድ ሕግ መግቢያ ነው። ትምህርቱ የሕግ ባለሙያ ለማፍራት የታቀደ አይደለም። ዓላማው ወጣቱ ውል ሲዋዋል፣ ቼክ ሲፈርም፣ ማኅበር ሲያቋቁም ወይም ለሌላ ሰው ዋስ ሲሆን ምን ዓይነት ግዴታ እንደሚገባ አስቀድሞ እንዲያውቅ ማድረግ ነው። ይሁን እንጂ ከተማሪዎች ጋር በልዩ ልዩ ጊዜ ከሚደረጉ ውይይቶች እንደምንረዳው፣ አብዛኞቹ ትምህርቱን የሚያስታውሱት የአንቀጽ ቁጥር ለፈተና የሸመደዱበት ሸክም አድርገው ነው። ዓላማውና ውጤቱ ይህን ያህል የተራራቁበትን ምክንያት መመርመርና መምህራንና የትምህርት ዐቃጆች ሊወስዱት የሚገባውን እርምጃ ማመልከት የዚህ ጽሑፍ ተግባር ነው።

ሀ. የትምህርቱ ይዘትና ምንጩ

የትምህርቱ መሠረት በ1952 ዓ.ም. ታውጀው ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸኑት ሁለት ታላላቅ ሕጎች ናቸው። እነርሱም ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት የፍትሐ ብሔር ሕግና ዣን ኤስካራ ጀምረውት ከእርሳቸው ሞት በኋላ አልፍሬድ ዦፍሬ የፈጸሙት የንግድ ሕግ ናቸው። የሁለቱም ረቂቅ በፈረንሳይኛ ተዘጋጅቶ በነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ታትሟል። ተማሪው ስለ ውል፣ ስለ ውክልናና ስለ ዋስትና የሚማረው ከፍትሐ ብሔር ሕግ ሲሆን፣ ስለ ነጋዴ፣ ስለ ንግድ ማኅበራት፣ ስለ ቼክና ስለ መድን የሚማረው ከንግድ ሕግ ነው።

ባሕር ዳር ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ የፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት፣ ቆይቶም የመምህራን ትምህርት የሚሰጥ አካዳሚ የነበራት ከተማ ናት። የእነዚህ ተቋማት ውርስ በ1992 ዓ.ም. ወደ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተጠቃሏል። በከተማዋ ከቀን ተማሪዎች ሌላ በማታና በክረምት የሚማሩ ሠራተኞችም አሉ። ከእነዚህ መካከል የሱቅ ባለቤት፣ የመሥሪያ ቤት ገንዘብ ያዥና መምህር ይገኙበታል። ስለዚህ በአንድ ክፍል ውስጥ ውል ተዋውሎ የማያውቀው ወጣትና በውል ምክንያት ፍርድ ቤት የተመላለሰው ጎልማሳ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ይህ ሁኔታ ለመምህሩ ችግርም ሀብትም ነው።

ለ. የመጀመሪያው እንቅፋት፦ ቋንቋ

በአገራችን የትምህርት ፖሊሲ መሠረት የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። የአማራ ክልል ፍርድ ቤቶች ግን በአብዛኛው የሚሠሩት በአማርኛ ነው፤ ውሉም፣ ክሱም፣ ፍርዱም የሚጻፈው በአማርኛ ነው። በዚህም ምክንያት ተማሪው ሕጉን በአንድ ቋንቋ ይማራል፤ በሌላ ቋንቋ ይኖርበታል። ፈተናውን ያለፈ ተማሪ በወላጆቹ እጅ ያለውን የኪራይ ውል አንብቦ ለማስረዳት የሚቸገረው ስለዚህ ነው።

መምህሩ ወደ አማርኛው ሲመለስ ደግሞ ሌላ ችግር ይገጥመዋል። የሕጉ አማርኛ የገበያው አማርኛ አይደለም። በገበያ ባለገንዘብ ማለት ሀብታም ሰው ነው። በሕጉ ግን ባለገንዘብ ማለት ከሌላ ሰው ላይ የሚጠይቀው ገንዘብ ወይም ግዴታ ያለው፣ የባለዕዳው ተቃራኒ ነው፤ አምስት ብር ያበደረ ድሃም ባለገንዘብ ይባላል። በገበያ ነጋዴው ከሰረ የሚባለው ያተረፈው ካወጣው ሲያንስ ነው። በሕግ ግን መክሰር ነጋዴው ዕዳውን መክፈል በማቆሙ በፍርድ ቤት የሚታወጅበት ሁኔታ ነው። መደብር በተለምዶ ዕቃ የሚሸጥበት ቤት ነው። በንግድ ሕግ ግን የንግድ መደብር ማለት ለንግዱ ሥራ የተሰበሰቡ ተንቀሳቃሽ ሀብቶች፣ የንግዱ ስምና ደንበኞችን የመሳብ ዋጋ ጭምር፣ በአንድነት የሚታሰቡበት ረቂቅ ሀብት እንጂ ግድግዳና ጣሪያ አይደለም። ይርጋ ለብዙ ተማሪዎች የሰው ስም ነው፤ በሕጉ ግን መብት በጊዜ ማለፍ ምክንያት በክስ ሊጠየቅ የማይችልበት ድንጋጌ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1845 መሠረት በሌላ ሁኔታ ካልተወሰነ በቀር ጊዜው ዐሥር ዓመት ነው። የእሽሙር ማኅበርና የሕግ ሰውነት የሚሉት ቃላትማ ከነጭራሹ ለጆሮ እንግዳ ናቸው።

በእነዚህ ቃላት ላይ የሚፈጠረው ስሕተት የመዝገበ ቃላት ስሕተት ብቻ አይደለም። ባለገንዘብ የሚለውን ሀብታም ብሎ የተረጎመ ተማሪ የዋስትናን ምዕራፍ በሙሉ ሕጉ ለሀብታሞች የቆመ መስሎት ያነባል።

ሐ. ሁለተኛው እንቅፋት፦ የሚታወቀውና የሚማሩት አለመገናኘት

ተማሪው ወደ ክፍል የሚገባው ባዶውን አይደለም። እቁብ ያውቃል፤ እቁቡን ቀድሞ የሚወስድ ሰው ዋስ እንደሚጠራ፣ ዳኛውና ጸሐፊው ምን እንደሚሠሩ ያውቃል። ከዘጌ ቡና የሚያመጣ ነጋዴ፣ በጣና ላይ መረብ በዱቤ ወስዶ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው፣ ገበያተኛውን ከሻጩ የሚያገናኝ ደላላ በየዕለቱ የሚያያቸው ናቸው። ይሁን እንጂ በመማሪያ መጻሕፍቱ የሚያገኛቸው ምሳሌዎች ብዙውን ጊዜ ከሌላ አገር የተወሰዱ በመሆናቸው ሕጉ የእርሱ ጉዳይ እንዳልሆነ ይሰማዋል።

ሦስት ነጥቦችን በአካባቢው ምሳሌ ማስረዳት ይቻላል።

አንደኛ፣ ስለ ውል መመሥረት። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1678 መሠረት ውል የሚጸናው ተዋዋዮቹ ችሎታ ሲኖራቸውና ጉድለት የሌለው ፈቃድ ሲሰጡ፣ የውሉ ጉዳይ በበቂ ሁኔታ የተወሰነ፣ ሊፈጸም የሚችልና ሕጋዊ ሲሆን፣ እንዲሁም ሕጉ የተለየ አጻጻፍ ያዘዘ እንደ ሆነ ይኸው ሲጠበቅ ነው። ጉዳዩ ሕጋዊ ይሁን የሚለው ቃል በከተማው ዳርቻ ላደገ ተማሪ ትልቅ ትርጉም አለው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥና የማይለወጥ የመንግሥትና የሕዝብ ሀብት ነው። ስለዚህ ባዶ መሬት በስጦታ ስም ተሸጦ ዋጋ ቢከፈልበት፣ ገዢው በእጁ ያለው ወረቀት የቱንም ያህል ምስክር ቢፈርምበት ዋስትና አይሆነውም። በመሬቱ ላይ የተሠራ ቤት ሽያጭም ቢሆን በቁጥር 1723 መሠረት በጽሑፍ መደረግና በሚመለከተው አካል ፊት መመዝገብ ይኖርበታል።

ሁለተኛ፣ ስለ ማስረጃ። በዓባይ ማዶ አትክልት የምትነግድ አንዲት ሴት ከጎረቤቷ 20,000 ብር በቃል ተበድራ በኋላ ብትክድ፣ ብድሩ ፈርሷል ወይ ተብለው ሲጠየቁ አብዛኞቹ ተማሪዎች ጽሑፍ ስለሌለ ውል የለም ብለው ይመልሳሉ። መልሱ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ቁጥር 2472 የሚለው ከ500 ብር የሚበልጥ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ እምነት ወይም በመሐላ ካልሆነ በቀር ሊረጋገጥ አይችልም ነው። ብድሩ አለ፤ የጎደለው ማስረጃው ነው። ተበዳሪዋ ፍርድ ቤት ቀርባ ብታምን ትከፍላለች። የውል አለመኖርና የማስረጃ አለመኖር የተለያዩ መሆናቸውን የተረዳ ተማሪ ከትምህርቱ ግማሹን ጨብጧል ማለት ይቻላል። ከዚህም በላይ በ1952 ዓ.ም. ከፍ ያለ ገንዘብ የነበረው 500 ብር ዛሬ የዕለት አስቤዛ መሆኑን ሲያስተውል፣ ሕግ ከኑሮ ወደ ኋላ ሊቀር እንደሚችል ይገነዘባል።

ሦስተኛ፣ ስለ ዋስትና። ይህ ከሁሉ ይልቅ አንባቢዎቻችንን የሚመለከት ነው። መምህር ቋሚ ደመወዝ ያለው በመሆኑ ዘመድም ጎረቤትም በቅድሚያ ዋስ ሁነኝ የሚለው እርሱን ነው። በኅብረተሰባችን ዋስ መሆንን እምቢ ማለት እንደ ክፋት ይቈጠራል። ሕጉ ግን ዋሱን የሚጠብቅበት መንገድ አለው። ዋስትና በጽሑፍ መሆን ይገባዋል፤ በግልጽ ካልተነገረ በግምት አይያዝም፤ በቁጥር 1922 መሠረትም ዋሱ ኃላፊ የሚሆንበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ካልተወሰነ ዋስትናው ዋጋ የለውም። እንዲሁም ተራው ዋስ አስቀድሞ የባለዕዳው ንብረት ይፈለግልኝ ብሎ ሊከራከር ሲችል፣ ከባለዕዳው ጋር በአንድነት ኃላፊ ነኝ ብሎ የፈረመ ዋስ ግን ባለዕዳው ሳይጠየቅ እርሱ አስቀድሞ ሊከሰስ ይችላል። በአንድነት የምትለው አንዲት ቃል የአንድን ቤተሰብ የብዙ ዓመት ደመወዝ ልትወስን ትችላለች። የማታ ተማሪዎች ይህን ክፍል ሲማሩ ጥያቄያቸው የማያልቀው፣ ብዙዎቹ ቃሉን ሳያስተውሉ የፈረሙ በመሆናቸው ነው።

መ. ሦስተኛው እንቅፋት፦ የተለወጠ ሕግና ያልተለወጠ መጽሐፍ

በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243 ስለ ነጋዴዎች፣ ስለ ንግድ ማኅበራትና ስለ መክሰር የሚናገሩትን የቀድሞውን ሕግ ክፍሎች ተክቷል። ስለ ማመላለሻና መድን፣ እንዲሁም ስለ ተላላፊ የገንዘብ ሰነዶችና የባንክ ሥራ የሚናገሩት መጻሕፍት ግን እንደ ጸኑ ናቸው። በአዲሱ ሕግ ተራ የሽርክና ማኅበር የሚባለው ቀርቶ፣ ባለአንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበርና ኃላፊነቱ የተወሰነ የሽርክና ማኅበር ተጨምረዋል። ይህም ማኅበር ያለ ሁለት ሰው አይቆምም ብሎ ላስተማረ መምህር መሠረታዊ ለውጥ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205ም ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። በአንጻሩ የቆዩ የማስተማሪያ ጽሑፎች እየተባዙ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ፣ ተማሪው የተሻረውን እንደ ጸና አድርጎ የሚያጠናበት ጊዜ አለ።

ሠ. ሊወሰዱ የሚገባቸው እርምጃዎች

1. ለትምህርቱ የሁለት ቋንቋ የቃላት ዝርዝር ይዘጋጅ። በዝርዝሩም የቃሉ የገበያ ትርጉምና የሕግ ትርጉም ጎን ለጎን ይቀመጥ።

2. እያንዳንዱ ምዕራፍ በአንድ እውነተኛ ሰነድ ይጀመር። የቤት ኪራይ ውል፣ የዋስትና ቅጽ፣ የማኅበር መመሥረቻ ጽሑፍና ባዶ ቼክ በየአካባቢው ይገኛሉ። ስምና አድራሻ ተሰርዞ ቢቀርብ የሰው ምሥጢር አይነካም።

3. የክርክር ዘዴ በሥራ ላይ ይዋል። አባቶቻችን በበላ ልበልሃ ሙግት ነገርን በነገር እየመቱ ይረቱ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ተማሪዎችን ከሳሽ፣ ተከሳሽና ዳኛ አድርጎ በአንድ የብድር ጉዳይ ማከራከር፣ የአንድ ሳምንት ገለጻ ከሚያስጨብጠው በላይ ያስጨብጣል። ልምድ ያላቸው ጎልማሳ ተማሪዎችም በዚህ ጊዜ ለወጣቶቹ መምህር ይሆናሉ።

4. ፈተናው ይለወጥ። የአንቀጽ ቁጥር በቃል ማስጠናት ቀርቶ፣ የሕጉን መጽሐፍ በእጅ እየያዙ አንድን ችግር መፍታት ይመዘን። በሥራ ዓለም ሕጉን ሳይገልጥ የሚሠራ ጥንቁቅ ሰው የለም።

5. የማስተማሪያ ጽሑፎች በየጊዜው ከነጋሪት ጋዜጣና ከፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔዎች ጋር ይመሳከሩ። ችሎቱ የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉትን ፍርድ ቤቶች ስለሚያስገድድ፣ የሕጉን ቃል ብቻ ማስተማር በቂ አይሆንም።

6. በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆችም ቢሆን ስለ ውል፣ ስለ ብድርና ስለ ዋስትና አጭር ትምህርት የሚሰጥበት ሰዓት ይፈለግ። እጩ መምህሩ የመጀመሪያ ደመወዙን በተቀበለ በጥቂት ጊዜ ውስጥ የዋስትና ወረቀት ሊቀርብለት ይችላልና።

ማጠቃለያ

ተማሪዎች የንግድ ሕግ መግቢያን ከባድ ነው የሚሉት ሐሳቡ ከዐቅማቸው በላይ ስለ ሆነ አይደለም። ቋንቋው ሁለት፣ ምሳሌው ባዕድ፣ መጽሐፉም አሮጌ በመሆኑ ነው። ሦስቱም በመምህራንና በዐቃጆች ጥረት የሚቃኑ ናቸው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚለው የአበው አነጋገር እንደሚያስረዳው፣ ሕዝባችን የጽሑፍን ዋጋ ከጥንት ጀምሮ ያውቃል። ከትምህርቱ የሚጠበቀው ይህን ዕውቀት ወደ ፊርማው ሰዓት ማድረስ ነው። ተማሪው ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ገንዘቡ ስንት ነው፣ ኃላፊነቴስ እስከ የት ነው ብሎ መጠየቅን ከለመደ ትምህርቱ ግቡን መቷል።