ተጨማሪ መረጃ፦ ባሕር የከበበው እስር ቤት

ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላ ፋሺስት ኢጣሊያ በርካታ ኢትዮጵያውያንን ባሕር አሻግሮ አስሯል። በሰርዲኒያ አጠገብ ባለችው አዚናራ ደሴት ከታሰሩት መካከል፣ ኋላ በፓርላማ ምርጫ ያሸነፉት የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ስንዱ ገብሩ ይገኙበታል። ልዑል ራስ እምሩ ደግሞ በፖንዛ ደሴት ነበሩ። ታሪክ አንዳንዴ ቀልድ ያውቃል፤ ከሥልጣን የወረደው የፋሺስት ኢጣሊያ መሪ ሙሶሊኒ በሐምሌ 1935 ዓ.ም. ለጥቂት ቀናት የተጋዘው ወደዚያችው ፖንዛ፣ ያውም እምሩ ታስረውበት ወደነበረው ቤት ነው። አዚናራ ዛሬ ብሔራዊ ፓርክ ናት። ጎብኚዎች ከፖርቶ ቶሬስ ወደብ በመርከብ ተሻግረው፣ ከብዙ ዘመን በኋላ የማፍያው አለቃ ቶቶ ሪና የታሰረበትን ክፍል ጭምር ያያሉ።