ለፕሮክሲ ሰርቨር ማደሪያ ስለ መምረጥ

አንድ ሰው በኢንተርኔት አንድ ገጽ ለማየት በፈለገ ጊዜ ጥያቄውን ከእርሱ ተረክቦ፣ የጠያቂውን አድራሻ በገዛ አድራሻው ተክቶ ወደ ሩቁ ሰርቨር የሚያደርስ፣ መልሱንም ተቀብሎ ለባለ ጉዳዩ የሚያስረክብ ኮምፒዩተር ፕሮክሲ ሰርቨር ይባላል፤ ግብሩም የእንደራሴ ግብር ነው። እንደራሴ የሆነ ሁሉ የላከውን ሰው ነገር በራሱ ላይ ተሸክሞ ስለሚቆም ምስጋናውም ወቀሳውም አስቀድሞ የሚደርሰው ለእርሱ ነው፤ ስለዚህም እንዲህ ላለው ኮምፒዩተር ማደሪያ የሚፈልግ ሰው፣ ዋጋውንና ስፋቱን ብቻ አይቶ ከመፍረድ ይልቅ፣ የሚከራየው ቦታ የሚያወርሰውን ስምና የሚያስገዛውን ሕግ አብሮ ሊመረምር ይገባዋል።

እ.ኤ.አ. በ1994 በሰርን የምርምር ተቋም ይሠሩ የነበሩት አሪ ሉኦቶነን ከኬቪን አልቲስ ጋር ሆነው ስለ ድር ፕሮክሲዎች በጻፉ ጊዜ፣ የነገሩ ዋና ዓላማ ፋየርዎል በሚባለው አጥር ውስጥ ያሉ ሠራተኞች በአንድ በር በኩል ወደ ውጭ እንዲደርሱ ማድረግ፣ አንድ ጊዜ የመጣውንም ገጽ አስቀምጦ ለሚቀጥለው ጠያቂ መስጠት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ስኩዊድ የተባለው ፕሮግራም ይህንኑ የማከማቸት ጥበብ አስፋፋው። ዛሬ ግን አብዛኛው ገጽ በምሥጢር ጽሕፈት ተሸፍኖ ስለሚጓዝ፣ ፕሮክሲው በውስጡ ያለውን ሳያይ ተቀብሎ ከማስተላለፍ በቀር ብዙ የሚያከማቸው የለውም፤ ከዚህም የተነሣ የሚያስፈልገው ሰፊ ዲስክና ብርቱ ፕሮሰሰር መሆኑ ቀርቶ ሰፊ መተላለፊያ ሆኗል።

ብዙ ደንበኞች ተደባልቀው የሚያድሩበት ርካሹ የጋራ ሆስቲንግ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ተከራዩ የራሱን ፖርት ለመክፈትም ሆነ ሳያቋርጥ የሚሠራ ፕሮግራም ለማቆም በዚያ ሥልጣን የለውምና። ቪፒኤስ የሚባለው፣ በአንድ ትልቅ ማሽን ውስጥ ተከፍሎ ለብቻ የሚሰጠው ሰርቨር ግን ይበቃል፤ ለጥቂት ሰዎች አገልግሎት አንድ ጊጋባይት ራም ያለው ትንሹ እንኳ አያንስም።

በመተላለፊያው ነገር ብዙ ሰው የሚስተው ሒሳብ አለ። ተጠቃሚው አሥር ጊጋባይት ባወረደ ጊዜ ፕሮክሲው አሥሩን ከውጭ ይቀበላል፣ አሥሩንም መልሶ ይልካል፤ ሰርቨሩን የሚያከራየው አቅራቢ ገቢና ወጪውን ደምሮ የሚቆጥር ከሆነ ሃያ ይጻፍበታል፣ ወጪውን ብቻ የሚቆጥር ከሆነ ግን አሥር። በወር አንድ ቴራባይት የሚለው ውል ለጆሮ ብዙ ቢመስልም፣ በሠላሳ ቀን ቢካፈል በሴኮንድ ከሦስት ሜጋቢት እምብዛም አይበልጥም። ስለ ሆነም ወሰን የለሽ እያለ የሚያስተዋውቅ አቅራቢ ባጋጠመ ጊዜ፣ ወሰኑ በውሉ የትኛው አንቀጽ ውስጥ እንደ ተጻፈ ፈልጎ ማንበብ ይገባል፤ ያለ ወሰን የሚሰጥ መስመር በዓለም ላይ የለምና።

ርቀትም ታላቅ ነገር ነው። ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ከአዲስ አበባ እስከ ፍራንክፈርት ያለው ከ5,000 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ደርሶ ለመመለስ ከ50 ሚሊ ሴኮንድ በታች አይፈጅም፤ መስመሩም በቀጥታ ስለማይሄድ፣ ይልቁንም የባሕር በር የሌላት አገራችን እንደ ጅቡቲ ባሉ ጎረቤቶቿ በኩል ወደ ባሕሩ ኬብል ስለምትደርስ፣ በእውነት የሚፈጀው ጊዜ ከዚህ ይበልጣል። አዲስ አበባ ተቀምጦ በአሜሪካ ያለ ሰርቨር ለሚጎበኝ ሰው በአውሮፓ ያለ ፕሮክሲ በመንገዱ ላይ ይገኛል፤ በሲንጋፖር ያለው ግን ወደ ኋላ መልሶ ያዞረዋል።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚያሻው የአድራሻው ታሪክ ነው። የቀድሞው የአይፒ አድራሻ ሥርዓት፣ አራተኛው ትውልድ የሚባለው፣ ከ4.3 ቢሊዮን በታች ቁጥሮች ብቻ አሉት፤ የዓለሙ ክምችት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011፣ የአውሮፓው መዝገብ ደግሞ በ2019 አልቋል። እንግዲህ አዲስ ተከራይ የሚቀበለው ቁጥር ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ይዞት የነበረ ነው፤ የቀድሞው ባለቤት አይፈለጌ መልእክት ሲልክበት የኖረ እንደ ሆነ፣ እንደ ስፓምሃውስ ባሉት የክፉ አድራሻዎች መዝገብ ስሙ ሰፍሮ ይቆያል፤ ንጹሑም ተከራይ ባልሠራው በደል በየበሩ ይመለሳል። ስለዚህ ቁጥሩን በተረከቡበት ቀን መመርመር፣ ረክሶም ቢገኝ አቅራቢው ይለውጥ እንደ ሆነ አስቀድሞ በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል። በዚያው ደብዳቤ የግል ፕሮክሲ በውላቸው የተፈቀደ መሆኑን፣ በደል ተፈጸመ የሚል አቤቱታ በመጣ ጊዜም ለደንበኛው የመልስ ጊዜ ይሰጡት ወይስ ወዲያው ይዘጉበት እንደ ሆነ ማስጻፍ እጅግ ጠቃሚ ነው። ያለ የይለፍ ቃል ለሁሉ የተከፈተን ፕሮክሲ ግን ብዙ አቅራቢዎች ይከለክላሉ፤ በእኔም አስተያየት መከልከላቸው ርትዕ ነው፤ ስኩዊድ ዘወትር የሚያዳምጥበትን 3128 ቁጥር ፖርት ሌት ተቀን እየፈለጉ የሚዞሩ ወንበዴዎች ብዙዎች ናቸውና።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 10 ቀን 2021 በፈረንሳይ አገር በስትራስቡርግ የሆስቲንግ አቅራቢው የኦቪኤች ዳታ ሴንተር በእሳት በተቃጠለ ጊዜ፣ የመጠባበቂያ ቅጂያቸውን እዚያው ያኖሩ ደንበኞች ዋናውንም ቅጂውንም አጥተዋል። ፕሮክሲ በዚህ ረገድ የታደለ ነው፤ ሊጠበቅለት የሚገባው የስኩዊድ ደንብ የተጻፈበት ፋይልና የተጠቃሚዎች የይለፍ ቃል ዝርዝር ብቻ ስለ ሆነ፣ እነዚህን በሌላ ስፍራ ያስቀመጠ ሰው በማግሥቱ በሌላ አቅራቢ ዘንድ ሊያቆመው ይችላል። በዚህም ምክንያት የዓመት ኪራይ አስቀድሞ መክፈል፣ ቅናሹ ምንም ያህል ቢያጓጓ፣ ለዚህ ሥራ አይመከርም፤ የወር በወር ውል ይበቃል።