አኬታተንና የሙሴ እምነት

የእስራኤል እምነት ከግብፅ የተቀዳ ነው የሚለው አሳብ አዲስ አይደለም። ሲግመንድ ፍሮይድ በ1939 እ.ኤ.አ. በታተመው «ሙሴና አሐዳዊ እምነት» በተሰኘው መጽሐፉ ሙሴን የፈርዖን አኬናተን ሃይማኖት ወራሽ አድርጎ አቅርቦታል። የዘመን ስሌት ብቻውን ክርክሩን አይዘጋውም፤ ለዘፀአት ከሚሰጡት ሁለት ዋና ዋና ዘመናት አንዱ ከአኬናተን ይቀድማል፣ ሌላው ይከተለዋል። ስለዚህ ፈርዖኑ ለአምላኩ የቈረቈራትን ከተማ መመርመር ይጠቅማል።

አኬናተን በ14ኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ነገሠ፤ የቀድሞ ስሙ አሜንሆቴፕ 4ኛ ነበር። በነገሠ በ5ኛው ዓመት ገደማ በሜምፊስና በቴብስ መካከል፣ ከዓባይ በስተ ምሥራቅ አኬታተንን መሠረተ፤ ትርጕሙም «የአተን አድማስ» ማለት ነው። አተን የፀሐይ ክበብ ነው። ንጉሡ በድንበር ድንጋዮች ላይ ባስቀረጸው ጽሑፍ ስፍራው አስቀድሞ የማንም አምላክ እንዳልነበረ ተናገረ። መሥዋዕቱ ጣሪያ በሌላቸው ሰፋፊ አደባባዮች ይቀርብ ነበር። የአሙን ስምም ከየሐውልቱ ተፋቀ።

የአተን ታላቁ ዝማሬ ብዙ ጊዜ ከመዝሙር 104 ጋር ይነጻጸራል። ሌሊት የሚወጡ አንበሶችና በውኃ ላይ የሚሄዱ መርከቦች በሁለቱም ይገኛሉ። ልዩነቱ ግን መሠረታዊ ነው። በግብፁ ዝማሬ አምላኩን የሚያውቀው ንጉሡ ብቻ ነው፤ መዝሙረኛው ግን የገዛ ነፍሱን ለምስጋና ይጠራል። ደግሞም በመዝሙሩ ፀሐይ ራስዋ መግቢያዋን የምታውቅ ፍጥረት ናት።

የከተማይቱ ፍርስራሽም ይህንኑ ይመሰክራል። በባለሥልጣኖች ቤት የተገኙ የአምልኮ ምስሎች ንጉሡንና ንግሥት ኔፈርቲቲን ከአተን ጨረር በታች ያሳያሉ። በሠራተኞች ቤት ደግሞ የቤስና የታወሬት ምስሎች ተገኝተዋል፤ እነዚህ ሕዝቡ ለወሊድና ለቤተሰብ ጥበቃ የሚለምናቸው የጥንት አማልክት ነበሩ። አዲሱ ሃይማኖት የተራውን ሰው ልብ አልወረሰም። ንጉሡ ሲሞት ቱታንኻተን ስሙን ቱታንኻሙን ብሎ ለወጠ፤ ቤተ መንግሥቱ ከተማይቱን ለቀቀ፤ የቤተ መቅደሶቹም ድንጋይ ለሌላ ሕንጻ ተጋዘ።

በዘዳግም 6 ግን ቃሉ የተሰጠው ለእስራኤል ሁሉ ነው፤ አባት በቤቱ ተቀምጦ ለልጁ ያስተምረዋል። ይህ እምነት ንጉሥና ቤተ መቅደስ በጠፉበት በባቢሎን ምርኮ እንኳ አልሞተም። በአንድ መሪ ትከሻ ላይ ብቻ የቆመ አምልኮ ከመሪው ጋር ይቀበራል። ቤተ ክርስቲያንም ራስዋን ልትመረምርበት የሚገባው ሚዛን ይህ ነው።