በወረርሽኝ ወቅት የአነስተኛ ተቋማት የስልክ ማዞሪያ አተካከልና አደረጃጀት

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው በኮቪድ-19 የተያዘ ሰው መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገለጸ በኋላ እጅን መታጠብ፣ አካላዊ ርቀትን መጠበቅና አፍና አፍንጫን መሸፈን የየዕለቱ ማሳሰቢያ ሆነው ነበር። ሰው ከሰው ጋር የሚጠጋጋው ግን በገበያና በትራንስፖርት ብቻ አይደለም። በመድኃኒት ቤት፣ በግል ክሊኒክና በአነስተኛ ቢሮ ደጃፍ ከሚሰለፈው ሰው ብዙው የሚመጣው ለአንዲት ጥያቄ ነው፤ መድኃኒቱ ገብቶ እንደሆነ፣ ሐኪሙ ዛሬ መኖሩን፣ የምርመራው ውጤት መድረሱን ለማወቅ። ለእነዚህ ጥያቄዎች ስልክ በቂ ነው። ስልኩ ካልተነሳ ግን ደዋዩ ደጋግሞ ሞክሮ ተስፋ ሲቆርጥ መንገዱን ወደ ተቋሙ ያቀናል፤ ሳል ያለበትም ከነሳሉ ይመጣል።

በመሆኑም ጥሪን በአግባቡ የሚቀበል የስልክ ማዞሪያ የበሽታ መከላከል ሥራ አካል ነው። ዋናው ጉዳይም መሣሪያውን መግዛት ሳይሆን ጥሪው ወደ ማን፣ በምን ሰዓት፣ በምን ቅደም ተከተል እንደሚደርስ መወሰን ነው።

1. ማዞሪያው ምን ይሠራል?

አነስተኛ የስልክ ማዞሪያ ጥቂት የውጭ መስመሮችን ለብዙ የውስጥ ስልኮች የሚያካፍል መሣሪያ ነው። በገበያ ላይ ከሚገኙት መካከል 3 የውጭና 8 የውስጥ መስመር የሚቀበሉት ለአንድ ክሊኒክ ወይም መድኃኒት ቤት ይበቃሉ። እያንዳንዱ የውስጥ ስልክ የራሱ ቁጥር አለው፤ ሠራተኞችም ከክፍል ወደ ክፍል ሳይመላለሱ ያለ ክፍያ ይነጋገራሉ። ይህ በራሱ በኮሪደር የሚኖረውን ንክኪ ይቀንሳል።

2. ከተከላ በፊት የሚሠራ ዕቅድ

ባለሙያው ሽቦ ከመዘርጋቱ በፊት የተቋሙ ኃላፊ የስልኮቹን ቦታና ቁጥር በወረቀት ላይ ማስፈር ይኖርበታል። ለምሳሌ ሁለት የውጭ መስመር ያለው ክሊኒክ እንደሚከተለው ሊያደራጅ ይችላል፦

101 - እንግዳ መቀበያ
102 - ቅድመ ልየታ
103 - ሐኪም
104 - ላቦራቶሪ
105 - መድኃኒት ክፍል
106 - የበር ጥበቃ

ከእነዚህ ውስጥ በቀላሉ የሚዘነጋው የበሩ ስልክ ነው። ጥበቃው እንግዳውን በሩቅ አቁሞ ጉዳዩን ወደሚመለከተው ክፍል በስልክ ሲያደርስ፣ ባለጉዳዩ መግባት የሚያስፈልገው መሆን አለመሆኑ እዚያው ይለያል። በዚህ ስልክ የሚነጋገረው ጥበቃው ብቻ ሊሆን ይገባል፤ መነጋገሪያው ከእጅ ወደ እጅ ከተላለፈ የታሰበው ጥቅም ይጠፋል።

3. የጥሪ አቀባበል ቅደም ተከተል

በብዙ ማዞሪያዎች ላይ ፕሮግራም የሚደረገው ማሳያ ባለው የማዞሪያው ስልክ ወይም በኮምፒውተር ነው። ሌሎቹ ተራ ስልኮች ሊሆኑ ይችላሉ። ፕሮግራም አድራጊው በቅድሚያ የሚወስናቸው ሦስት ነገሮች ናቸው።

አንደኛ፣ ጥሪ ሲገባ የሚጮኸው ስልክ የትኛው ነው? በምሳሌው መሠረት 101 ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ካልተነሳስ? ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ጥሪው በራሱ ወደ 102፣ ቀጥሎም ወደ 105 እንዲያልፍ ይደረጋል። ይህ በተለይ አንድ ሠራተኛ ሲታመም ይጠቅማል። ሠራተኛው ያለ ሥጋት እቤቱ ሊቆይ የሚችለው የእርሱ ስልክ ሳይነሳ እንደማይቀር ሲረጋገጥ ነው።

ሦስተኛ፣ ጥሪው ከግቢው ውጭ ወደ ሠራተኛው ሞባይል ይተላለፋል ወይ? ማዞሪያው የገባን ጥሪ መልሶ ወደ ውጭ ሲያስተላልፍ ሁለት የውጭ መስመር በአንድ ጊዜ ይይዛል፤ አንዱ ጥሪውን የሚቀበልበት፣ ሌላው የሚያወጣበት ነው። ስለዚህ ሁለት መስመር ብቻ ያለው ተቋም አንድ ጥሪ ወደ ሞባይል ሲያስተላልፍ ቀጣዩ ደዋይ መስመሩ ተይዞ ያገኘዋል። እንዲህ ያለው ተቋም ይህን ዘዴ ከሥራ ሰዓት ውጭ ብቻ ቢጠቀምበት ይመረጣል።

4. የተቀዳ መልእክት

ማዞሪያው ድምፅ የሚቀዳ ካርድ ካለው ደዋዩን የሚቀበል መልእክት ማዘጋጀት ይቻላል። መልእክቱ በአካባቢው ሕዝብ ቋንቋ የተዘጋጀ፣ አጭርና ከሦስት ያልበለጡ ምርጫዎች ያሉት ሊሆን ይገባል። አጣዳፊው ምርጫ ይቀድማል። ለምሳሌ፦

«ጤና ይስጥልን። ሳል ወይም ትኩሳት ካለብዎ ወደ ክሊኒኩ ከመምጣትዎ በፊት የጤና ባለሙያ ለማነጋገር 1ን ይጫኑ። ስለ መድኃኒት ለመጠየቅ 2ን፣ ለቀጠሮ 3ን ይጫኑ። አለበለዚያ በመስመሩ ላይ ይቆዩ።»

የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ፈጽሞ መቅረት የለባትም። ቁጥር መጫን ያልለመዱ አረጋውያንና ስልኩን ለሌላ ሰው አስደውለው የሚይዙ ሕመምተኞች ብዙዎች ናቸው። ምንም ያልተጫነበት ጥሪ እንዲዘጋ ሳይሆን ወደ እንግዳ መቀበያ እንዲሄድ ሆኖ ፕሮግራም ይደረግ።

1ን የጫነ ደዋይ የሚደርሰው የሠለጠነ የጤና ባለሙያ ዘንድ መሆን አለበት። መተንፈስ እጅግ ያስቸገረው ሰው በስልክ ጥያቄ ሊዘገይ አይገባውም፤ ባለሙያው ወዲያው እርዳታ የሚያገኝበትን መንገድ ማመቻቸት ይኖርበታል። የሕመምተኛው ጉዳይ ሌሎች በሚሰሙበት ሁኔታ በድምፅ ማጉያ መነጋገር አይፈቀድም።

5. የሰዓት አሞላል

በማዞሪያው ላይ የሥራ፣ የምሳና የሌሊት ሰዓት ለየብቻ ይሞላል። እዚህ ላይ ስሕተት በቀላሉ ይፈጠራል። መሣሪያው የሚያውቀው በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተነገረውን ሰዓት አይደለም። ከጠዋቱ 2፡30 ሥራ የሚጀምር ተቋም 8፡30 ብሎ መሙላት አለበት፤ 2፡30 ብሎ ከሞላ ማዞሪያው የሥራ ሰዓትን የሚጀምረው ከሌሊቱ በ8፡30 ይሆናል። እንደዚሁም ከቀኑ 6፡30 በመሣሪያው 12፡30፣ ከቀኑ 7፡30 ደግሞ 13፡30፣ ከቀኑ 11፡30 ደግሞ 17፡30 ተብሎ ይሞላል። ቀኑም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይገባል። ሰዓቱ ከተዛባ ሠራተኞች በሥራ ላይ እያሉ ደዋዩ «ዝግ ነን» የሚል መልእክት ይሰማል።

6. የአደጋ ጊዜ ቁጥሮች

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው ይህ ክፍል ነው። በብዙ ማዞሪያዎች ወደ ውጭ ለመደወል በቅድሚያ 9 ይጫናል። የጤና ጥሪ ማዕከል ቁጥር 952ም ሆነ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 የሚጀምሩት በዚሁ በ9 ነው። አንድ ሠራተኛ በድንጋጤ 952ን እንዳለ ቢደውል ማዞሪያው የመጀመሪያውን 9 የውጭ መስመር ጥያቄ አድርጎ ይወስደውና ወደ ውጭ የሚያወጣው 52ን ብቻ ይሆናል። ጥሪውም የትም አይደርስም። 8335ም በቀጥታ ሲደወል በ8 የሚጀምሩ የውስጥ ትእዛዞች ባሏቸው ማዞሪያዎች ላይ ተመሳሳይ ችግር ሊገጥመው ይችላል።

ስለዚህ ከሚከተሉት አንዱ ይፈጸም፦

ሀ) ማዞሪያው የሚፈቅድ ከሆነ ቁጥሮቹ ያለ 9 በቀጥታ እንዲወጡ ፕሮግራም ማድረግ፤
ለ) ካልፈቀደ በእያንዳንዱ ስልክ ላይ «9-952፣ 9-907፣ 9-8335» የሚል ጽሑፍ በጉልህ መለጠፍ።

የስልክ ወጪን ለመቀነስ የርቀት ጥሪ ሲታገድም እነዚህ ቁጥሮች ከእገዳው ውጭ መሆናቸው ይረጋገጥ። በተጨማሪም ከፋብሪካ የመጣው የይለፍ ቁጥር መቀየር አለበት። ብዙ ጊዜ እንደ 1234 ያለ ቀላልና የታወቀ ቁጥር ስለሆነ ተቋሙ ተዘግቶ በሚውልበት ጊዜ ባዕድ ሰው ከውጭ ገብቶ በተቋሙ ሒሳብ ወደ ውጭ ሀገር ሊደውልበት ይችላል።

7. የመብራት መቋረጥ

ማዞሪያው የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነው። በርካታ ማዞሪያዎች መብራት ሲጠፋ አንዱን የውጭ መስመር በቀጥታ ከተወሰነ የውስጥ ስልክ ጋር ያገናኛሉ። ይህ ስልክ የራሱ የኤሌክትሪክ ገመድ የማያስፈልገው ተራ ስልክ ሆኖ ሰው በማይለየው ቦታ ይቀመጥ። አቅም ለፈቀደ ተቋም የመጠባበቂያ ባትሪ መግጠም የተሻለ ነው።

8. የስልኮች ንጽሕና

የስልክ መነጋገሪያ ከአፍ አጠገብ የሚያዝ ዕቃ ነው። በቤተ ሙከራ በተደረገ ጥናት ቫይረሱ በፕላስቲክ ላይ እስከ 72 ሰዓት ሊቆይ እንደሚችል ታይቷል። በመሆኑም፦

- እያንዳንዱ ሠራተኛ በራሱ ስልክ ብቻ ይጠቀም፤ መጋራት ግድ ከሆነ በየተጠቃሚው መካከል ይጸዳ።
- 70 በመቶ አልኮል በነካ ለስላሳ ጨርቅ መነጋገሪያውና ቁልፎቹ ይጠረጉ፤ ለአንድ ደቂቃ ያህልም እርጥብ ሆነው ይቆዩ።
- ፈሳሽ በቀጥታ በስልኩ ላይ አይረጭ። በረኪና ብረትን ስለሚበላ ለስልክ አይመረጥም።
- ከጽዳት በፊትና በኋላ እጅ በሳሙናና በውኃ ይታጠብ።

9. ፍተሻ

ተከላው ተጠናቀቀ የሚባለው ባለሙያው ሲሄድ ሳይሆን ጥሪው ሲፈተሽ ነው። ከውጭ በሞባይል በሥራ ሰዓት፣ በምሳ ሰዓትና በሌሊት ይደወል፤ ምንም ሳይጫኑ መጠበቅም ይሞከር። አንዱ መስመር ተይዞ እያለ በሌላው ይደወል። ደዋዩ ከዘጋ በኋላ መስመሩ ተይዞ አለመቅረቱ ይታይ። ማዞሪያው ከኤሌክትሪክ ተነቅሎም ይሞከር።

በመጨረሻም የተሞላው ሁሉ በወረቀት ተጽፎ፣ የይለፍ ቁጥሩ በኃላፊው እጅ ብቻ ሆኖ ይቀመጥ። የተቋሙ የስልክ ቁጥሮችም ሰው ሳይጠጋ ከሩቅ ሊያነባቸው በሚችልበት መጠን ተጽፈው በበሩ ላይ ይለጠፉ። ከደጃፉ የደረሰ ባለጉዳይ ቁጥሩን አንብቦ ከሰልፍ ውጭ ሆኖ ቢደውልና መልስ ቢያገኝ፣ እርሱም ሠራተኛውም ከንክኪ ይጠበቃሉ።