ካሌብ ዊሊያምስ፦ 68 የነበረው እንዴት 24 ሆነ?

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ መልእክቶች የሚበዙት ስለ ቺካጎ ቤርስ ናቸው። የሁሉም ጥያቄ ተቀራራቢ ነው፦ ልጁን በ2024 በየሳምንቱ ሣር ሲያስግጡት ከርመው፣ በ2025 ማን ደረሰለት?

ቁጥሩ በእርግጥ ያስገርማል። የቤርስ ኳርተርባክ ካሌብ ዊሊያምስ በመጀመሪያው የኤንኤፍኤል ዘመኑ 68 ጊዜ ሳክ ተደረገ፤ በሁለተኛው 24 ጊዜ። ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች ያህል፣ ሳክ ማለት ኳርተርባኩ ኳሱን ከእጁ ሳያወጣ ከመነሻው መስመር ኋላ ተይዞ ሲወድቅ ነው። ቡድኑ ያርድ ይከስራል፣ አንድ ሙከራ ይቃጠላል፣ ልጁም ከ120 እስከ 130 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከላዩ እስኪነሳ ይጠብቃል።

እኔ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ እዚህ ሰፈር የቤርስ ደጋፊ መፈለግ ድካም ነው፣ ሰዉ ሁሉ የኮማንደርስ ነው። ካሌብን የምንከታተለው የከተማችን ልጅ ስለሆነ ነው። የተወለደው ዋሽንግተን ዲሲ ነው፤ ሃይስኩል የተማረው ከዩኒየን ስቴሽን ብዙም በማይርቀው ጎንዛጋ ነው። በ2018 ጎንዛጋ ዲማታን አሸንፎ ዋንጫ የወሰደው እሱ በመጨረሻዋ ቅጽበት በወረወራት ረጅም ኳስ ነው። እዚህ ያደጉ የሐበሻ ልጆች ያንን ጨዋታ፣ አባቶቻቸው የጊዮርጊስንና የቡናን ደርቢ በሚተርኩበት ስሜት ይተርኩታል።

ቤርስ በ2024 ድራፍት አንደኛ አድርጎ ሲመርጠው ከዩኤስሲ የሃይዝማን ሽልማት ይዞ ነው የመጣው። ከፊቱ ቆሞ የሚጠብቀው የአምስት ሰዎች ላይን ግን ከሳምንት ሳምንት የሚቀያየር ነበር። ኖቬምበር 10 ኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ ሶልጀር ፊልድ መጥቶ 19 ለ 3 ሲያሸንፍ ካሌብ በአንድ ጨዋታ ብቻ 9 ጊዜ ወደቀ። መደበኛዎቹ ታክሎች ብራክስተን ጆንስና ዳርኔል ራይት ሁለቱም ጉዳት ላይ ነበሩ። በሁለተኛው ቀን የማጥቃቱ አስተባባሪ ሼን ዋልድረን ተባረረ። በታንክስጊቪንግ ዕለት ደግሞ ዲትሮይት ላይ፣ ሰዓቱ እያለቀ ታይምአውት በእጃቸው ይዘው ተሸነፉና በማግስቱ ዋናው አሰልጣኝ ማት ኤበርፍሉስ ተከተለ። ከ100 ዓመት በላይ ባስቆጠረው ክለብ ታሪክ ዋና አሰልጣኝ ውድድሩ ሳያልቅ ሲሰናበት ያ የመጀመሪያው ነው። 10 ተከታታይ ሽንፈት፤ በጠቅላላው 5 ድል፣ 12 ሽንፈት።

እዚሁ ላንዶቨር ላይ የሆነውንማ ታስታውሳላችሁ። የኮማንደርሱ ጄይደን ዳንኤልስ በመጨረሻ የወረወራት ኳስ ኖዋ ብራውን እጅ ገብታ 18 ለ 15 አለቀ። እኔን የገረመኝ ግን ከዚያ ቀደም ያለው ነው፦ ታችዳውን ለማስቆጠር አንድ ያርድ ሲቀራቸው ኳሱን ለዳግ ክሬመር፣ ለተጠባባቂ የላይን ተጫዋች፣ ተሸክሞ እንዲገባ ሰጡት። ከእጁ አመለጠች። መከላከል ያቃተውን ላይን ጎል አስቆጥር ማለት እንግዲህ ምን ይባላል!

በአንድ የውድድር ዘመን ከ68 ጊዜ በላይ የወደቀ ኳርተርባክ በኤንኤፍኤል ታሪክ ሁለት ብቻ ነው። በ1986 የፊላደልፊያው ራንዳል ከኒንግሃም 72፣ በ2002 የሂውስተኑ ዴቪድ ካር 76። ካር በ2005 ደግሞ 68 ጨመረበት። የካርን ታሪክ እዚህ ማንሳት የፈለግኩት ሂውስተን ቴክሳንስ ጠባቂ መፈለግን ስላልዘነጋ ነው። ክለቡ ገና ሲቋቋም ለአዲስ ክለብ በሚፈቀደው ልዩ ምርጫ መጀመሪያ የወሰደው ቶኒ ቦሴሊን፣ በጊዜው ከነበሩት ድንቅ ግራ ታክሎች አንዱን ነው። ካርን ከዚያ በኋላ መረጠ። የቦሴሊ ትከሻ ግን አልድን አለ፤ ለሂውስተን አንድም ጨዋታ ሳይሰለፍ ጫማውን ሰቀለ። ጥበቃው ሁሉ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ታስቦ ነበርና ሌላ መላ አልተገኘም። ካር በሂውስተን 5 ዓመት 249 ጊዜ ወደቀ። እንዲህ ሲመታ የከረመ ወጣት የሚጎዳው ጎድኑ ብቻ አይደለም። ዓይኑ መጥፎ ልማድ ይይዛል፦ ሜዳው ላይ ነፃ የሆነ ጓደኛውን መፈለግ ትቶ የሚመጡበትን ሰዎች ማየት ይጀምራል። ይሄ ልማድ ከያዘ በኋላ የተሻለ ላይን ቢያመጡለትም አይለቀውም።

ስለዚህ ቤርስ በ2025 መጀመሪያ ላይ የነበረው ጊዜ አጭር ነበር።

አሁን የሚያከራክረውን ልናገር። 68ቱ ሁሉ የላይኑ ጥፋት አልነበረም፤ ከፊሉን ካሌብ ራሱ ጠርቶታል። ኮሌጅ እያለ ኳሱን ይዞ መቆየት፣ ሁለት ሦስት ሰው ማምለጥ፣ ከዚያ ማንም ያላሰበውን መወርወር ነበር ሥራው። እዚያ የሚያሳድዱት ልጆች ይደክማሉ፤ ኤንኤፍኤል ውስጥ አይደክሙም። በዚያ ላይ ጥበቃ ኳሷ ከመነሳቷ በፊት የሚጀመር ሥራ ነው። ብሊትዝ፣ ማለትም ኳርተርባኩን እንዲያሳድዱ የሚላኩ ተጨማሪ ተከላካዮች፣ ከየት በኩል እንደሚመጣ ማንበብ፣ ላይኑን ወደ ቀኝ ወይ ወደ ግራ ማዘዝ፣ ሯጩ ማንን ይዞ እንደሚቆም መወሰን አለ። ይህን በ22 እና በ23 ዓመት ዕድሜ፣ አስተባባሪና አሰልጣኝ እየተቀያየረ መማር ከባድ ነው። "ላይኑ ነው" እና "ልጁ ነው" እያላችሁ የምትከራከሩ ሁለታችሁም ግማሽ ግማሹን ይዛችኋል።

የላይኑን ግማሽ ለማስረዳት ፖኬት የሚባለውን ላንሳ። አምስት ሰዎች፣ መሐል ሴንተር፣ ግራና ቀኙ ሁለት ጋርዶች፣ ዳርና ዳር ሁለት ታክሎች፣ ለኳርተርባኩ ከ2 ሰከንድ ተኩል እስከ 3 ሰከንድ የምትቆይ ክፍት ቦታ ያበጁለታል። ሰው የሚያወራው ስለ ታክሎቹ ነው፣ በተለይ ስለ ግራው፤ በቀኝ እጁ የሚጫወት ኳርተርባክ ሲወረውር ግራ በኩል ያለውን ስለማያይ። ደመወዙም ዝናውም እዚያ ነው። ነገር ግን ከዳር የሚመጣ አሳዳጅ ዞሮ ነው የሚደርሰው። ኳርተርባኩ አንድ እርምጃ ወደፊት ከገባ ሰውየው ከጀርባው ያልፋል። ያቺ እርምጃ የምትገኘው ግን ጋርዶቹና ሴንተሩ ቦታቸውን ይዘው ከቆሙ ነው። መሐሉ ወደ ኋላ ከተገፋ ኳርተርባኩ ያለው ምርጫ ወደ ኋላና ወደ ጎን መሸሽ ነው፤ ሲሸሽ ደግሞ ታክሉ በደንብ ወደ ውጭ ገፍቶ ያራቀው ሰው እቅፍ ውስጥ ራሱ ይገባል። ሁላችንም ቴሌቪዥን ላይ ታክሉን እንወቅሳለን።

የቤርስ ጄኔራል ማኔጀር ራያን ፖልስ ይህን ሊያውቅ የሚገባ ሰው ነው፤ ቦስተን ኮሌጅ እያለ ራሱ የላይን ተጫዋች ነበር። (ከ2022 ጀምሮ ወንበሩ ላይ ሆኖ 68 ሳክ እስኪደርስ ምን ይጠብቅ ነበር የምትሉኝ አላችሁ። ትክክል ናችሁ።) በማርች 2025 በጥቂት ቀናት ውስጥ መሐሉን በሙሉ ለወጠው። ግራ ጋርድ ጆ ቱኒን ከካንሳስ ሲቲ በ2026 አራተኛ ዙር ምርጫ ለወጠ፤ ጆና ጃክሰንን ከራምስ በስድስተኛ ዙር ምርጫ አመጣ፤ ሴንተር ድሩ ዳልማንን ከአትላንታ በ3 ዓመት 42 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመ። ቀኝ ታክሉን ዳርኔል ራይትን ማንም አልነካውም፤ አያስፈልግም ነበር።

ከሦስቱ ቱኒ ለብቻው ሊወራለት ይገባል። በፌብሩዋሪ 2021 ካንሳስ ሲቲ ሁለቱም መደበኛ ታክሎቹ ጎድለውት ሱፐር ቦውል ገባና በታምፓ ቤይ 31 ለ 9 ተሸነፈ። ኳርተርባኩ ፓትሪክ ማሆምስ በዚያ ምሽት የወደቀው 3 ጊዜ ብቻ ነው፤ ነገር ግን ጨዋታውን በሙሉ ሲሮጥ ነው ያመሸው። የሳክ ቁጥር ብቻውን ሁሉንም እንደማይናገር ከዚያ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ክለቡ ወዲያው ቱኒን ከኒው ኢንግላንድ ወሰደ፣ በድራፍት ክሪድ ሃምፍሪንና ትሬይ ስሚዝን ጨመረ፣ ከዚያም ሁለት ዋንጫ አነሳ። ፖልስ ያኔ እዚያው ካንሳስ ሲቲ ቢሮ ውስጥ ይሠራ ነበር፤ አይቶታል። በ2024 ዘመን መጨረሻ ደግሞ ካንሳስ ሲቲ የታክል ችግር ገጥሞት ቱኒን ከጋርድነት አንስቶ ግራ ታክል አደረገው። ፌብሩዋሪ 2025 ሱፐር ቦውል ላይ ኢግልስ ብሊትዝ እንኳን ሳይልክ ማሆምስን 6 ጊዜ ጣለው። ዳሩን ለመድፈን መሐሉን ከፈቱ። ከወር በኋላ ሰውየው ቺካጎ ነበር፣ በጋርድነቱ፣ 4 የሱፐር ቦውል ቀለበት ይዞ።

በዚያው ዓመት በጃንዋሪ የተቀጠረው ዋና አሰልጣኝ ቤን ጆንሰን ሌላውን ግማሽ ያዘ። ዲትሮይት ላይ የማጥቃቱ አስተባባሪ ሆኖ በሠራባቸው ዓመታት ጃክሰን የእሱ ተጫዋች ነበርና ቋንቋውን የሚያውቅ አንድ ሰው ላይኑ ውስጥ አገኘ። ጆንሰን ካሌብን ከሴንተሩ ጀርባ ተጠግቶ ኳስ እንዲቀበል አዘወተረ። ከዚያ ቦታ ለሯጩ የሚሰጥ መስሎ ኳሷን ማስቀረት ይቻላል፤ የተጋጣሚ ተከላካዮችም መጀመሪያ ሩጫውን ማሰብ ግድ ይሆንባቸዋል። በዚህ ሥራ ግማሽ ሰከንድ ማለት ብዙ ነው። ዳንድሬ ስዊፍት ከ1,000 ያርድ በላይ ሮጠ፣ በድራፍቱ ሰባተኛ ዙር የተገኘው ካይል ሞናንጋይ አገዘው። ሩጫው ሲሠራ ሦስተኛው ሙከራ ላይ የሚቀረው ያርድ ያንሳል፤ 3 ያርድ የቀረው ቡድን ላይ ዓይንን ጨፍኖ ኳርተርባኩን ማሳደድ አይቻልም። እኔ እንደማየው ከቀነሱት 44 ሳኮች ብዙዎቹ የቀሩት እዚህ ነው፣ ማንም ሰው ማንንም ሳይገፋ።

ነገሩ ግን ወዲያው አልያዘም። በመጀመሪያው ሳምንት በሚኒሶታ 27 ለ 24፣ በሁለተኛው በራሱ በዲትሮይት 52 ለ 21 ተሸነፉ። የሲንሲናቲ ቤንጋልስን ታሪክ ያስታወሰ ሰው ያኔ አልደነገጠም። ቤንጋልስ በ2021 ድራፍት አምስተኛ ሆኖ ታክሉን ፔኔይ ሱዌልን መውሰድ ሲችል ለኳርተርባኩ ለጆ በሮ ተቀባይ፣ ጃማር ቼዝን፣ መረጠ። በሮ በዚያ ዘመን 51 ጊዜ፣ በጥሎ ማለፉ 19 ጊዜ ወድቆም ሱፐር ቦውል ገባ፤ ምርጫው ስህተት ነበር የሚሉ ሰዎች አይገቡኝም። በማግስቱ ዓመት ሦስት አዳዲስ የላይን ተጫዋቾችን፣ አሌክስ ካፓን፣ ቴድ ካራስንና ላኤል ኮሊንስን፣ ገዙ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጨዋታዎች ስንት ሳክ ሆነ? 13። አምስት ሰዎች ያለ ንግግር እስኪግባቡ፣ አንዱ የለቀቀውን ሌላው ተቀብሎ እስኪይዝ ሳምንታት ይፈጃል። ከዚያ በኋላ የበሮ ሳክ ቀነሰ። ጥሎ ማለፉ ሲደርስ ግን ከመደበኛዎቹ ሦስቱ ተጎድተው ነበርና ካንሳስ ሲቲ ላይ 5 ጊዜ ወደቀ።

ቺካጎ ላይ የተለየው ግራ ታክሉ ነው። ብራክስተን ጆንስ ጀመረ፤ ቦታውን በድራፍት ማንም ያልመረጠው ካናዳዊ ቲዮ ቤኔዴት ወሰደበት፤ ቀጥሎ የሁለተኛው ዙር ምርጫ ኦዚ ትራፒሎ መጣ። ሦስት ሰው የተፈራረቀበት ግራ ታክል ይዘው ነው ከ68 ወደ 24 የወረዱት። መሐሉ ላይ የወጣው ገንዘብ ሥራውን ሠርቷል የምለው ለዚህ ነው።

ዋጋም ነበረው። ጆንሰን ከመቶ 70 ኳስ ለባለቤቱ እንዲደርስ ዓላማ አስቀምጦ ነበር፤ ካሌብ 60 እንኳን አልደረሰም። አንዱ ምክንያት ድሮ ይዞ የሚወድቅባቸውን ኳሶች አሁን ከሜዳ ውጭ ስለሚጥላቸው ነው። ቁጥሩን ያበላሻል፣ ቡድኑን ግን 8 ያርድ ያተርፈዋል። 3,942 ያርድ ወርውሮ የክለቡን የአንድ ዘመን ክብረ ወሰን ሰበረ፣ ቤርስ በ11 ድል ምድቡን አሸነፈ፣ በጥሎ ማለፉም ከግሪን ቤይ 21 ለ 3 ተመርቶ 31 ለ 27 አሸነፈ።

ከራምስ ጋር በተደረገው ቀጣይ ጨዋታ ግን የድሮው ካሌብ ተመለሰ፣ ተመልሶም ትክክል ሆነ። አራተኛ ሙከራ ነው፣ ሰዓቱ ሊያልቅ ሰከንዶች ቀርተውታል፣ ወደ ኋላ እየሸሸ ሸሽቶ ኳሷን ለኮል ክሜት አሻገረና እኩል አደረጋቸው። ብዙዎች "አሰልጣኙ የሚከለክለው ይህንን ነው" አሉ። አራተኛ ሙከራ ላይ ግን መውደቅም ከሜዳ ውጭ መጣልም ዋጋቸው አንድ ነው፤ ኳሱ ለተጋጣሚ ይሄዳል። መቆየቱ ምንም አያስከፍለውም ነበር። በተጨማሪው ሰዓት ኳስ አስነጠቀና 20 ለ 17 ተሸነፉ።

ትራፒሎ በግሪን ቤዩ ጨዋታ የጉልበቱ ጅማት ተበጥሷል። እንዲህ ያለ ጉዳት ረጅም ጊዜ የሚወስድ ስለሆነ የ2026 ግራ ታክል እንደገና ክፍት ነው። ፖልስ ለዚህ ቦታ ማንን እንደሚያመጣ ሲታወቅ እመለስበታለሁ። ቱኒን ወደ ዳር አውጥቶ እንዳይደፍነው ብቻ!