የአዋቂ ወንዶች ብጉር፦ በጋምቤላ ወበቅ ፊታችንን እንዴት እንጠብቅ?

ብጉር ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ለአቅመ አዳም የደረሰ ልጅ ነው። “ዕድሜው ሲገፋ ይጠፋለታል” እንላለን፤ አብዛኛውን ጊዜም እውነት ነው። ሥራ የያዘ፣ ትዳር የመሠረተ ሰው ፊቱ በብጉር ሲሞላ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ለሚስቱም ለጓደኛውም አይናገርም፤ ሐኪም ዘንድ መሄድማ ለወንድ ልጅ ቅብጠት ይመስለዋል። ስለዚህ ድምፁን አጥፍቶ ወደ ሱቅ ጎራ ይላል፣ “የብጉር ቅባት” ብለው የሰጡትን ይዞ ይመለሳል። በዚህ ወር የምንነጋገረው ስለዚሁ ቅባትና ስለ ተገቢው የፊት አያያዝ ነው። በራሴ ፊት ዋጋ የከፈልኩበት ትምህርት ስለሆነ ከዚያው ልጀምር።

በራሴ ላይ የደረሰው

ከደሴ ተነሥቼ ለመምህርነት ጋምቤላ የገባሁት በየካቲት ወር ነበር፤ ዕድሜዬም 32 ዓመት። ደሴ በ2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት። ጋምቤላ ደግሞ በባሮ ወንዝ ዳር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ይደርሳል። ሁለት ወር ሳይሞላኝ ግንባሬና ጉንጬ በብጉር ተሸፈነ።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ እሱ የሚጠቀመውን ክሬም አሳየኝ፤ እኔም ያንኑ ከሱቅ ገዛሁ። በሳምንቱ ፊቴ ጠራ፣ እንዲያውም ፈካ አለ። “መድኃኒት ማለት ይህ ነው” ብዬ ለሌሎችም ነገርኩ። በሦስተኛው ወር ግን ደቃቅ፣ ቀይ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት መጠን ያላቸው ብጉሮች ወጡብኝ። ክሬሙን ሳቆም ፊቴ ይቃጠላል፣ ያብጣል፤ መልሼ ስቀባ ይበርዳል። እንዲህ ስል ስምንት ወር አለፈ። ለወንድሜ ሠርግ ደሴ ሄጄ ፎቶ ሲነሱ ከኋላ ተደበቅሁ። ክፍል ውስጥም ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ ማስተማር አበዛሁ።

በመጨረሻ ያየኝ ሐኪም ገና ሳይመረምረኝ በፊት የጠየቀኝ የምቀባውን ቱቦ እንዳመጣለት ነበር። በላዩ ላይ የተጻፈው ስም “ክሎቤታሶል” ይላል። ክሎቤታሶል እጅግ ኃይለኛ ከሚባሉት የስቴሮይድ ቅባቶች አንዱ ነው፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፊት ላይ ሊደርስ የማይገባው መድኃኒት ነው። ብጉሩን ያስጀመረው ሙቀቱ ቢሆንም፣ ስምንት ወር ያቆየው ክሬሙ እንደነበረ የተረዳሁት ያን ቀን ነው።

ብጉር እንዴት ይፈጠራል?

ከቆዳችን ሥር ቅባት የሚያመነጩ ዕጢዎች አሉ። ቅባቱ ፀጉር በሚወጣበት ቀዳዳ በኩል ወደ ላይ ይፈስሳል። የወንድ ሆርሞን እነዚህን ዕጢዎች ብዙ ቅባት እንዲያመነጩ ያደርጋቸዋል። ቅባቱ ከሞቱ የቆዳ ሕዋሳት ጋር ተጣብቆ ቀዳዳውን ሲደፍነው በውስጡ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ይራባሉ፤ ቦታው ይቆጣል፣ ያብጣል፣ መግል ይይዛል። ስለዚህ ብጉር የቆሻሻነት ምልክት አይደለም። ፊትን በኃይል መፈተግም አያድነውም፤ ይልቁንም ያስቆጣዋል።

ከ20 ዓመት በኋላ ብጉር መውጣቱም እንግዳ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ በ2008 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት አዋቂዎችን ጠይቆ ነበር፤ ከ20 እስከ 29 ዓመት ካሉት ወንዶች 42.5 በመቶው፣ ከ30 እስከ 39 ዓመት ካሉት ደግሞ 20.1 በመቶው ብጉር እንዳለባቸው ተናግረዋል።

ሙቀቱ የሚያመጣው

ከደጋ ወደ ቆላ የሚወርድ ሰው ብጉሩ መባባሱ ከጥንት የታወቀ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወደ ሞቃታማ አገሮች በዘመቱ ወታደሮች ላይ ከባድ ብጉር ታይቶ ሐኪሞች “የሐሩር ብጉር” የሚል ስም አውጥተውለታል። በወበቅ ጊዜ ላብ የቆዳውን የላይኛ ሽፋን ያረጥበዋል፣ ያሳብጠዋል፤ ጠባቡ ቀዳዳ ይበልጥ ይጠብባል። ላብ የጠጣ ኮፍያ ወይም የሞተር ሳይክል ሄልሜት ግንባር ላይ ሲፋተግ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ኮፍያዎን ቶሎ ቶሎ ይጠቡ፤ ሸሚዝዎ ጥጥ ቢሆን ይመረጣል።

ብጉር የሚመስል ሁሉ ግን ብጉር አይደለም። በግንባር፣ በደረትና በጀርባ ላይ የሚወጣ፣ መጠኑ ተመሳሳይ የሆነና የሚያሳክክ ሽፍታ ብዙ ጊዜ ከፈንገስ የሚመጣ ነው፤ ፈንገሱም ቋቁቻን ከሚያመጣው ጋር አንድ ወገን ነው። ይህኛው ለባክቴሪያ በሚሰጥ መድኃኒት አይድንም፤ ሊባባስም ይችላል። የሚያስፈልገው የፈንገስ መድኃኒት ነው።

ስቴሮይድ ፊት ላይ ምን ይሠራል?

ስቴሮይድ የሰውነትን ቁጣ ያበርዳል። ለዚህም ነው በመጀመሪያው ሳምንት ተአምር የሚመስለው። ለረጅም ጊዜ ሲቀቡት ግን ቆዳውን ያሳሳል፣ የደም ሥሮች እንዲታዩ ያደርጋል፣ ራሱም ብጉር ያወጣል። ሲያቆሙት ቁጣው በእጥፍ ይመለሳል፤ ሰውየውም “ያለ እሱ አልሆንም” ብሎ ይቀጥላል። ጭርት ላይ ከተቀባ መልኩን ያጠፋውና እንዲስፋፋ ያደርገዋል፤ ሐኪሙም በሽታውን ለመለየት ይቸገራል።

በቱቦው ላይ ክሎቤታሶል፣ ቤታሜታሶን፣ ሞሜታሶን ወይም ዴክሳሜታሶን የሚል ስም ካዩ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፊትዎን አይቀቡ። ስም የሌለው፣ በየሱቁ ተቀላቅሎ በዕቃ የሚሸጥ ከሆነማ ጨርሶ አይንኩት። ቆዳ ያቀላሉ ከሚባሉት ውስጥ ኩላሊት የሚጎዳ ሜርኩሪ ያለባቸው ይገኛሉ። ለወራት ሲቀቡ የቆዩ ከሆነ ደግሞ በራስዎ በድንገት ከማቆም ሐኪም ያማክሩ፤ ቀስ በቀስ የሚቀነስበት መንገድ አለ።

የየዕለቱ የፊት አያያዝ

በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ የሚያደርግ ሰው ላቡን በንጹሕ ውኃ ያጥባል፤ ይህ ለቆዳው ጥሩ ነው። ስህተቱ በየውዱኡ ሳሙና መጨመር ነው። ሳሙና ጠዋትና ማታ ሁለት ጊዜ ይበቃል፤ እሱም ለስለስ ያለ የፊት ሳሙና ይሁን። የልብስ ሳሙና ቆዳውን ያደርቃል፣ ያስቆጣል። ከታጠቡ በኋላ በራስዎ ንጹሕ ፎጣ ቀስ አድርገው ያድርቁ፤ አይፈትጉ።

ሎሚና የጥርስ ሳሙና ብጉር ላይ መቀባት የተለመደ ነው። ሁለቱም ቆዳ ያቃጥላሉ። በተለይ ሎሚ የተቀባ ፊት ፀሐይ ሲያገኘው ቆስሎ ለወራት የማይለቅ ጥቁር ምልክት ሊተው ይችላል። ወፍራም የፀጉር ቅባትም ወደ ግንባር ወርዶ ብጉር ያበዛል። በክልሉ የሚበቅለው የሺአ ዛፍ ቅቤ ለደረቀ እጅና እግር መልካም ቢሆንም፣ ብጉር የሚወጣበት ፊት ላይ ባይቀባ ይሻላል።

ለመካከለኛ ብጉር ብዙ ጊዜ የሚመከረው ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ነው። 2.5 በመቶ የሆነው ከ10 በመቶው ያልተናነሰ ይሠራል፤ ማቃጠሉ ግን ያነሰ ነው። ከኢሻ በኋላ፣ ፊት ታጥቦ ሲደርቅ፣ በስሱ ይቀባል፤ እስከ ፈጅር ሳይነካ ይቆያል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አንድ ቀን እያሳለፉ ቢቀቡት ቆዳው ይለምዳል። ቀለም ያለው ትራስና ልብስ ስለሚያነጣ ነጭ የትራስ ልብስ ይጠቀሙ። ከሁሉ በላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ ለውጡ የሚታየው ከ8 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በሳምንት የሚያጠራ ነገር ካጋጠመዎ ይጠርጥሩት።

ብጉር አያፍርጡ። በጠይም ቆዳ ላይ የፈረጠ ብጉር ጥቁር ነጠብጣብ ትቶ ለወራት ይቆያል። ፀሐይም ነጠብጣቡን ያጠቁረዋል፤ ጥላ መፈለግና የፀሐይ መከላከያ ክሬም መቀባት ይረዳል።

ጺምና ምላጭ

የእኛ ጺም አብዛኛውን ጊዜ ጥቅልል ነው። ሥር ድረስ ሲላጭ ሹል ጫፉ ተጠምዝዞ ወደ ቆዳው ተመልሶ ይገባል፤ ያኔ የሚወጣው እብጠት ብጉር ይመስላል። ለዚህ ከሁሉ የተሻለው መድኃኒት ጺምን ማሳደግ ነው። ጺሙን የሚያሳጥር ሰው በቶንዶስ ጥቂት ሚሊ ሜትር አስቀርቶ ይቁረጥ። ምላጭ የግድ ከሆነ ደግሞ አዲስ ይሁን፤ ጺሙን በሞቀ ውኃ አርጥበው ፀጉሩ በሚያድግበት አቅጣጫ ይላጩ። ማጅራት ላይ እየጠጠረ የሚሄድ እብጠት ያለበት ሰው ፀጉር አስተካካዩ እዚያ ቦታ ላይ ምላጭ እንዳያሳርፍ ይንገረው፤ ችላ ከተባለ ወፍራም ጠባሳ ይሆናል።

አመጋገብ

እ.ኤ.አ በ2002 የታተመ አንድ ጥናት በፓፑዋ ኒው ጊኒ የኪታቫ ደሴት 1200 ነዋሪዎችን አይቶ አንድም ብጉር አላገኘም። ምግባቸው ሥራ ሥር፣ ፍራፍሬ፣ ዓሣና ኮኮናት ነው። እ.ኤ.አ በ2007 ደግሞ በአውስትራሊያ 43 ወንዶች ለ12 ሳምንታት ተጠኑ፤ በደም ውስጥ ስኳር ቶሎ የማይጨምር ምግብ የተመገቡት ብጉራቸው ከሌሎቹ በይበልጥ ቀነሰ።

ይህ ለእኛ ምን ማለት ነው? በጋምቤላ ሙቀት ብዙ ሰው ጥሙን የሚቆርጠው በለስላሳ ነው። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ከ30 ግራም በላይ ስኳር ይይዛል፤ ሰባት የሻይ ማንኪያ ገደማ መሆኑ ነው። በዚህ ላይ ስኳር የበዛበት ሻይና ብስኩት ሲታከል ይቁጠሩት። በለስላሳው ፋንታ ውኃ፣ በብስኩቱ ፋንታ ፍራፍሬ፣ ለምሳም የባሮን ዓሣ ከአትክልት ጋር ቢያደርጉ ለቆዳም ለሌላውም ጤና ይበጃል። በረመዳን ፍጡርን በተምር፣ በውኃና በሾርባ ጀምሮ ጣፋጩን መቀነስ ይቻላል። ወተት በአንዳንድ ሰዎች ላይ ብጉር እንደሚያባብስ የሚጠቁሙ ጥናቶች ስላሉ፣ ልዩነት ካዩ ይቀንሱ። አመጋገብ ግን ሕክምናውን ያግዛል እንጂ አይተካውም።

ሐኪም ዘንድ መቼ ይኬዳል?

ብጉሩ ትልልቅና የሚያም እብጠት ከሆነ፣ ጠባሳ መተው ከጀመረ፣ ወይም ከሦስት ወር ተገቢ እንክብካቤ በኋላ ካልተሻለ አይዘግዩ። የጂም መርፌ ወይም አዲስ መድኃኒት ከጀመሩ በኋላ ድንገት ከወጣም ይንገሩ። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው አይሶኒያዚድ ብጉር ሊያወጣ ይችላል፤ ነገር ግን መድኃኒቱን በራስዎ እንዳያቋርጡ። ፊት ላይ የወጣ፣ ሲነኩት የሚደነዝዝ ቦታ ካለ ብጉር ነው ብለው አይተዉት፤ የሥጋ ደዌ ምልክት ሊሆን ይችላል፣ በጊዜ ከታከመም ይድናል። ከጠቅላላ ሐኪም ይጀምሩ፤ አስፈላጊ ከሆነ የሪፈራል ወረቀት ይጽፉልዎታል። በ1958 ዓ.ም የተቋቋመው የአዲስ አበባው አለርት ሆስፒታል ለቆዳ ሕክምና የታወቀ ነው።

የእኔ ፊት እስኪረጋጋ አራት ወር፣ ነጠብጣቡ እስኪጠፋ ከዓመት በላይ ፈጅቷል። በግራ ጉንጬ ላይ የቀሩት ጥቂት ጠባሳዎች አሁንም አሉ። ያንን ክሬም ያሳየኝን ባልደረባዬንም ሐኪሙ ዘንድ ወስጄዋለሁ፤ እሱም በእኔው መንገድ ላይ ነበረና።

ውድ አንባቢ፣ ዛሬ ማታ እቤትዎ ያለውን ቱቦ ያንሡና ስሙን ያንብቡ። ከላይ ከጠቀስናቸው አንዱ ከሆነ ነገ ሐኪም ዘንድ ይዘውት ይሂዱ። ቱቦውን ለጓደኛዎ ሰጥተው ከሆነም ለእሱ ይንገሩት።